የሙሽራዋ አባትና የእኔ አማካይ

ሰው የማያውቀውን ቢሳሳት ምን ይደንቃል? የሚያሳፍረው ሲያስተምሩት የኖሩትን መሳሳት ነው። እኔ ዲላ ውስጥ ሒሳብ አስተምራለሁ። አሁን የምነግራችሁን እዚያ የሚያውቀው ብዙ ሰው ነውና ብደብቀውም አይጠቅመኝም።

አብራኝ የምታስተምረው ብርቄ የምታገባ ዕለት ነው። አባቷን አቶ በራሶን ከኢዲዶ ሊያመጣ የሄደው መኪና መንገድ ላይ ቀረ። አምስት ሰዓት ላይ ሞተረኛው ታምራት ተጠራ። መንገዱ አርባ ኪሎ ሜትር ነው። ሲሄድ በስልሳ እንደሚበር፣ ሽማግሌ ጭኖ በዝናብ ሲመለስ ግን ከሃያ እንደማያልፍ ተናገረ። ፓስተሩ ስምንት ሰዓት ላይ ወናጎ ሌላ ሰርግ አለባቸው። አባት የሚዘገዩ ከሆነ አሁኑኑ ሄደው የወናጎውን አስቀድመው አጋብተው ሊመለሱ ፈቀዱ።

ሁሉም ወደ እኔ ዞረ። ስልሳና ሃያን ደምሬ ለሁለት አካፈልኩ፤ አርባ። ደርሶ መልስ ሰማንያ ኪሎ ሜትር፣ ሁለት ሰዓት!

«ሰባት ሰዓት ላይ እዚህ ናቸው» አልኩ።

«ቲቸር፣ ሁለት ሰዓት እኮ መመለሻው ብቻ ይፈጃል» አለ ታምራት።

ሳቅኩበት። ስንተኛ ክፍል እንዳቋረጠ ጠየቅኩት፤ ሰው ፊት። ስድስተኛ አለና ሞተሩን አስነስቶ ሄደ። ፓስተሩም በእኔ ቃል ቀሩ።

ሰባት ሰዓት ሆነ። ሰባት ከሩብ። ብርቄ በሩን ታያለች፣ ፓስተሩ ሰዓታቸውን፣ እኔ ጫማዬን። በመጨረሻ አጎቷ እጇን ይዞ አስረከባት። ሰባት ከአርባ ላይ፣ ሙሽሮቹ ሲወጡ፣ አቶ በራሶ እስከ ጉልበታቸው ጭቃ ለብሰው ደረሱ። ኮታቸው እንዳይረጥብ በፌስታል ጠቅልለው አቅፈውታል።

ሰው ሁሉ ታምራትን ወቀሰ። እኔ? ዝም።

ፍጥነት እንዲያ አይደመርም። ቀርፋፋው ጉዞ አብዛኛውን ሰዓት ይበላል፤ ትክክለኛው አማካይ ሠላሳ ነበር። ሃርሞኒክ አማካይ ይባላል። የዚያው ሳምንት ሰኞ ሰሌዳ ላይ የጻፍኩት እኔው ነኝ!

ታምራትን ይቅርታ ጠይቄ፣ በሳምንቱ በእሱው ሞተር ኢዲዶ ሄድኩ። አቶ በራሶ ቡና እንዲደርቅ ከተሰጣበት የሽቦ አልጋ አጠገብ ቆመው ሁሉን ሰሙኝ። ከዚያ ትከሻዬን መታ መታ አደረጉ።

«አይዞህ ልጄ» አሉኝ፤ «እንኳን ሐኪም አልሆንክ።»