ሚዜው ምሰሶ ይዞ ቀረ

እስቲ ልጠይቃችሁ፣ «የኛ ልጅ» ብሎ የጠራችሁ ሰው አንድ ነገር ሳያሸክማችሁ ሄዶ ያውቃል? እኔ አላጋጠመኝም።

ጓደኛዬ ደረጀ ከቡታጅራ መጥቶ እኛ ሰፈር፣ ካዛንቺስ፣ ቤት የተከራየ ነው። ሜክሲኮ ጫማ ሱቅ ውስጥ ይሠራል። ትከሻው ሰፊ ነው፣ ግን ሆደ ባሻ። የእድራችን ሊቀመንበር ጋሽ ሞላ ይህን ለማወቅ አንድ ለቅሶ በቃቸው። «ደሬማ የኛ ልጅ ነው!» አሉ። በቃ፣ ከዚያ ወዲህ ሰው ሲሞትም ሲያገባም የእድሩን ድንኳን የሚተክለው እሱ ሆነ። የእረፍት ቀኑን ምሰሶ አቅፎ ያሳልፋል። ሌሎቹ ጎረምሶችስ አትሉም? እነሱማ እዚሁ ተወልደው፣ ለማን ብለው ይሸከማሉ?

«እየተጫወቱብህ ነው እኮ» ስለው ይስቃል። ኡራኤል ለምትኖረው እጮኛው ሽማግሌ ሆነው የሄዱለት ጋሽ ሞላ ናቸው። የልጅቷ አባት «ለመሆኑ ሰው አለው?» ብለው ቢጠይቁ፣ ጋሽ ሞላ «እኛ ምን ሆነን!» ብለው ተቆጡ አሉ። ደረጀ ይህን ሲነግረኝ ዓይኑ እንባ አቅርሮ ነበር። እኔንም አንጀቴን በላኝ። በሰው ከተማ «ሰው አለው» መባል ቀላል ነገር ነው እንዴ?

የሰርጉ ዕለት ጠዋት ላነሳው ሄድኩ። ያለው ሚዜ እኔ ብቻ ነኝ። መኪናው በአበባ ተሸልሟል፣ አማት ደግሞ ሰዓት አክባሪ ናቸው። ሙሽራውን የት ባገኘው ጥሩ ነው? ሙሉ ልብሱን ለብሶ፣ ከረባቱን ትከሻው ላይ ጥሎ፣ የገዛ ሰርጉን ድንኳን ምሰሶ ደግፎ! ጋሽ ሞላ «ያላንተ እኮ አይቆምም» ብለውት ነው።

ንድድ አለኝ። «ጋሽ ሞላ፣ ኧረ ይፈሩ! ልጁን ይልቀቁት እንጂ!» አልኩ።

እሳቸው ምንም አልመሰላቸውም። ከእግር እስከ ራሴ አዩኝና «ውይ፣ ይሄን የመሰለ ቁመት ይዘህ እስከ ዛሬ የት ነበርክ?» አሉኝ።

አንድ ነገር ሳልነግራችሁ። እኔ አጭር ነኝ። ሚኒባስ ውስጥ አንገቴን ሳልሰብር የምቆም ሰው ነኝ። እናቴ እንኳ ቁመቴን አሞግሳ አታውቅም። «ለአንድ ደቂቃ ያዝልኝማ» ሲሉኝ እጄ ቀድሞኝ ምሰሶው ላይ ነበር። ደረጀን «አንተ ሂድ፣ እደርስብሃለሁ!» ብዬ ሸኘሁት።

አልደረስኩበትም። ምሰሶው ቆመ ስል ገመዱ ቀረ፣ ገመዱንም «እሱ ረዥሙ ይሰረው» ተባለ። እንዴት ጥዬ እሄዳለሁ?

ሙሽራው ኡራኤል ብቻውን ደረሰ። አማቱ በሩ ላይ ቆመው ከኋላው ማን እንዳለ አዩ፣ ማንም የለም። «ሰው የለውም አላልኳችሁም?» አሉ።

ልጅቷን ሰጡት፣ ደግነቱ። ከሰዓት ድንኳኑ ውስጥ ሲገቡ ግን ደረጀ ዞር ብሎም አላየኝም፣ ሙሽራዋም ገላምጣኝ አለፈች። ስንት ዘመን ምሰሶ የተሸከመላትን ያቺን «ሰው አለው» የምትል ቃል በአንድ ጠዋት አሳጣሁት። በእውነት አፈርኩ። መሬት መሬት እያየሁ ልወጣ ስል ጋሽ ሞላ ምሰሶውን መታ መታ አደረጉና፣ ለእንግዶቹ «የረዥም ሰው ሥራ ያስታውቃል» አሉ።

አንገቴን ቀና አደረግሁ።