ለሽንቴ የወጣ ለቀስተኛ

በእኛ በፎገራ ቸኩያለሁ ማለት ነውር ነው። መንገድ ላይ ያገኛችሁት ሰው የእናንተን ደኅንነት፣ የላሞቻችሁን ደኅንነት፣ የሩዛችሁን አያያዝ ሳይጠይቅ አያሳልፋችሁም። እናንተም መልሳችሁ ሳትጠይቁ ብታልፉ ሐሜታችሁ ቀድሟችሁ ወረታ ከተማ ይገባል። የማያቆሙት ሰው አንድ ብቻ ነው፤ መርዶ የያዘ።

እኔን ደግሞ ሽንት ያቃጥለኝ ነበር። ይተወኛል፣ ይመለሳል። ጤና ጣቢያ በሄድኩ ቁጥር ያንኑ ኪኒን ይሰጡኛል፤ ኪኒኑም ሆዴን ከማገላበጥ በቀር ሥራ አልነበረውም። በመጨረሻ የላቦራቶሪዋ ልጅ አዲስ ምርመራ መጣ አለችኝ።

«ጀርሙን ብቻ አይደለም፤ የሰውነትዎ ዘበኞች በሽንትዎ ውስጥ የሚተዉትን ምልክት እናያለን። የማለዳ ሽንት ይሁን። በአንድ ሰዓት ውስጥ ይድረስ፤ ከቆየ ይበላሻል።»

ከመንደራችን ከቁሐር ሚካኤል ጤና ጣቢያው እስካለበት እስከ ወረታ በእግር አንድ ሰዓት አይሞላም። ሰላምታ ከሌለ ነው ታዲያ። ባሌ አዳነ፣ ነፍሱን ይማረውና፣ ሁለት ጊዜ ሞከረ፤ ሁለቱንም ጊዜ የሰው ላም ደኅንነት ሲጠይቅ ረፈደበትና ሽንቴን ይዞ ተመለሰ። በሦስተኛው ቀን ነጠላውን እንደ ሐዘንተኛ ዘቅዝቆ፣ ፊቱን አጨፍግጎ፣ ብልቃጧን ከነጠላው ሥር ሸሽጎ ወጣ። እኔም ሕመሙ ፈጥኜ አላስኬድ ብሎኝ በዝግታ ተከተልኩት።

እውነትም ማንም አላቆመው። አንድ ነገር ግን ዘንግተን ኖሯል፤ መርዶ የያዘን ሰው አያቆሙትም እንጂ ይከተሉታል። ዞር ሲል ሩዝ ሲያርም የነበረው ሁሉ ከኋላው ነው። ቆሞ እንዳያስረዳ ሰዓቱ ይሄድበታል። ዝም ብሎ ገሰገሰ።

ስደርስ የጤና ጣቢያው ግቢ በለቀስተኛ ሞልቷል። ጎረቤታችን አያ ውብነህ፣ ሽማግሌው፣ ሲያዩኝ ክው አሉ።

«አንቺ! አልሞትሽም እንዴ?»

«ኧረ አልሞትኩም፣ አያ።»

«ታዲያ ማን ሞቶ ነው?»

አዳነ መሬት መሬት እያየ፣ «ማንም። ሽንቷን ላደርስ ነው» አላቸው።

ልሂድ ያለ ግን የለም፤ ከመጡ አይቀር ውጤቱን ሊሰሙ ተቀመጡ። ልጅቷ ወጥታ በጆሮዬ ልትነግረኝ ብትል «ጮክ በይ እንጂ!» አሏት።

«ጀርም የለባቸውም» አለች እያፈረች። «የሰውነታቸው ዘበኞች ግን ጠላት የመጣ መስሏቸው እንደተነሡ ናቸው። የሚያቃጥላቸው የእነሱ ግርግር ነው።»

«ጠላት ሳይኖር ምን ሊሆኑ ይሰበሰባሉ?» አለች አንዷ ተቆጥታ።

አያ ውብነህ ዙሪያቸውን ቃኙ። «እኛስ ሬሳ ሳይኖር ምን ልንሆን መጣን?»

ሐኪሙ ያንን ኪኒን አስጥሎ ሌላ መድኃኒት ጻፈልኝ። ለቀስተኛው ግን እስከ ቀትር አልተበተነም፤ አዳነም መሀላቸው ተቀምጦ እንባው እስኪፈስ ይስቅ ነበር። ከሞተ ወዲህ መልኩ አልታይ ሲለኝ ያን ሳቁን እፈልገዋለሁ። አንድም ቀን አጥቼው አላውቅም።