ለእንጦጦ ጉም የጻፍኩት ግጥም

ግጥም አድራሻ የሌለው መሆኑ አያናድዳችሁም? «አንተ» ይላል። ማን? አይናገርም። መገናኛ ቆማችሁ «አንተ!» ብላችሁ ብትጣሩ ስንቱ ይዞራል? ግጥምም እንደዚያው ነው። ያልጠሩት ሁሉ ይዞራል። እኔንማ እንጀራዬን ሊያሳጣኝ ነበር።

ግምገማ እንደ ደመወዝ በየወሩ በሚመጣበት በዚያ ዘመን ነው። ቤቴ ከእንጦጦ ሥር ነው። ክረምት ሲገባ ጉሙ ከተራራው ወርዶ ደጄ ላይ ይተኛል፤ ፀሐይ ብቅ ስትል ሹልክ! አንድ ቀን ሆዴን ባር ባር ቢለው እንዲህ ብዬ ጻፍኩ፦

በማለዳ መጥተህ ደጄን የሞላኸው፣
ፀሐይዋ ስትወጣ የት ነው የገባኸው?

ከዚያ ምን አቅብጦኝ ነው፣ ሲግናል አካባቢ ባለው መሥሪያ ቤታችን የማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ ለጠፍኩት።

ኃላፊያችን አቶ ዘውዱ ማለዳ ይገባሉ። ኮታቸውን ወንበሩ ላይ ይሰቅላሉ። ከዚያ ኮቱ ሲሠራ ይውላል፣ እሳቸው ይጠፋሉ። ባለጉዳይ ከመጣ «ኮታቸው አለ፣ አይርቁም» ይባላል። እኔ ይህን መች አሰብኩ!

ግምገማ ተጠራ። አቶ ዘውዱ ወረቀቱን ከፍ አድርገው «ይህ ሰው አመራሩን በስንኝ ይወጋል። ከሥራ ይታገድ» አሉ። የልጆቼ ፊት ታየኝ።

ይሄኔ የንብረት ክፍሏ ወይዘሮ አስካለ ተነሡ። «ግለ ሂሴን ላቅርብ። ግጥሙ የተጻፈው ለእኔ ነው። ሹራቤን ወንበር ላይ ጥዬ ሾላ ገበያ የምወርደው እኔ ነኝ። ‹አንተ› ያለኝ እንኳ እንዳላፍር ብሎ ነው፤ ተባረክ!»

ሾፌሩ ጋሽ ታደሰ ዘለው ተነሡ። «ኧረ አንቺ ሴት፣ የኔን አትውሰጂብኝ! መኪናዋን አቁሜ የምሰወረው እኔ አይደለሁ እንዴ?» ገንዘብ ያዡም እጁን አወጣ። ሰው ጥፋቱን እንደ ሽልማት ይሻማል?

ቢቸግረኝ ተነሥቼ «ኧረ በእግዚአብሔር፣ ጉሙን ነው! የእንጦጦን ጉም!» ብዬ ጮኽኩ። አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። እገዳው ቀረ። አቶ ዘውዱ ግን አልሳቁም።

ከስብሰባው በኋላ ቢሯቸው አስጠሩኝና በሩን ዘጉ።

«እውነቱን ንገረኝ። ጉም ብቻ ነው?»

«በልጆቼ!»

«እኔ ጭራሽ ትዝ አላልኩህም?»

«አንዲትም ጊዜ፣ ጌታዬ።»

ፊታቸው ጠቆረ። «ይህን ሁሉ ዓመት አብረን ሠርተን!» አሉ፤ ድምፃቸው ተሰበረ።

በሳምንቱ አያት ወዳለው ቅርንጫፍ ተዛወርኩ፤ ለእኔ ቤት አገር ማዶ። «ሰው አትንኩ» እያሉ ይመክሩናል። እኔ ግን እላለሁ፦ ከጻፋችሁ አለቃችሁን ንኩ። የተነካ አለቃ «ይታገድ» ብሎ ይበርድለታል። እኔን ያዛወረኝ ያልተነካው ነው።