ድብቅ ዓይን

አራስ ሊጠይቅ መጥቶ ዘር የሚቆጥር ሰው እናንተም ሰፈር አይጠፋም መቼም። የእኛ ሰፈር የካርቲየ 6ቷ እማማ ዘይነባ ናቸው። ሕፃኑን ወደ መስኮት ያስጠጉና ጨርቅ እንደሚገዛ ሰው በብርሃን ይመረምሩታል። ለእሳቸው አፍንጫ ምስክር ነው፤ ዓይን ደግሞ ፍርድ።

ጎረቤቴ ሙና ለባሏ ለጀማል የወለደችለት ልጅ ዓይኑ አረንጓዴ ሆነ። የሁለቱም ዓይን ግን ጥቁር ነው። ሙና ደግሞ ከማግባቷ በፊት ፈረንጆች ቤት ትሠራ ነበር።

«ማሻአላህ» አሉ እማማ ዘይነባ። «ዘር ከልጓም ይስባል። የዚህኛው ወዴት ሳበ?»

«ከጀማል ሌላ ወንድ አውቄ እንደሆነ ዓይኔን ግንባር ያድርገው» አለች ሙና።

እዚያው የነበረችው አዋላጅ ረጋ ብላ አስረዳች። «እናትም አባትም ዓይናቸው ጥቁር ሆኖ ፈዛዛውን ቀለም በድብቅ ይዘውት ሊኖሩ ይችላሉ። ልጁ ከሁለቱም ሲወርሰው ያኔ ይወጣል።»

እማማ ዘይነባ በረጅሙ ተነፈሱ። «ድብቅ ነገር እንዳለማ እኔም ብያለሁ።»

እንግዲህ ከዚህ በላይ ምን ማስረጃ ይፈለጋል? ከዚያ ቀን ወዲህ ጀማል ልጁን የሚያቅፈው የሕፃኑን ዓይን በትከሻው ሸፍኖ ነው።