ይሉኝታ የማያውቅ ቦርድ

ኤሌክትሪክ ይሉኝታ የለውም። እኛ ግን አለን፤ ያውም የተትረፈረፈ። ባጃጁ ደጃችሁን አልፎ ሲሄድ «እዚህ ጋ» ለማለት አፍራችሁ፣ ሹፌሩ በራሱ ጊዜ እስኪቆም ድረስ ተጉዛችሁ፣ «አዎ፣ እዚሁ ነው» ብላችሁ ወርዳችሁ በእግራችሁ የተመለሳችሁ ስንት ናችሁ? እጃችሁን አውጡ አልልም፤ ይሉኝታ ይይዛችኋል። እኔ የምኖረው ሐዋሳ፣ ታቦር ተራራ ጥግ ነው፤ በዚህ ምክንያት ስንት ጊዜ ዳገት ቁልቁለቱን እንደተመላለስኩበት ጫማዬ ይመስክር።

ሥራዬ ፊዚክስ ማስተማር ነው። አምና የክበባችን ተማሪዎች ሮቦት ሠሩ። ጎማው የጀሪካን ክዳን፣ ገላው የጫማ ካርቶን ነው፤ ግድግዳ ሲያይ መዞር ነበረበት። አይዞርም። ቀጥ ብሎ ሄዶ ይላተማል። ስሙን ጉማሬ አሉት፤ ሐይቃችን ውስጥ ያሉት ቢሰሙ ቅር የሚላቸው ይመስለኛል። ችግሩ ዐይኑ ነበር፤ ዐይን የምለው ርቀት የሚለካውን ሴንሰር ነው። በእጃችን ያሉት አምስት ሴንሰሮች ናቸው፤ የትኛው ጤነኛ፣ የትኛው በሽተኛ እንደሆነ ግን አናውቅም። ጉማሬ ሁለት ጤነኛ ዐይን ያስፈልገዋል፣ ቅዳሜ ወላጆች ሊያዩት ይመጣሉ፣ ሌላ ሴንሰር ደግሞ ሐዋሳ ውስጥ በፋኖስ ቢፈለግ አይገኝም።

ስለዚህ መመርመሪያ ቦርድ ነደፍኩ። ቀላል ነገር ነው፤ የሴንሰሩ መሰኪያ፣ የባትሪው መግቢያ፣ አንዲት አረንጓዴ መብራት። ሴንሰሩን ትሰኩና እጃችሁን ፊት ለፊቱ ትዘረጋላችሁ፤ መብራቷ ከበራች ጤነኛ ነው። እንዲበይዱልኝ ንድፌን ይዤ ፒያሳ፣ ጋሽ ላሚሶ ሱቅ ሄድኩ። ጋሽ ላሚሶ የአባቴን ሬዲዮ ሲጠግኑ የኖሩ ሰው ናቸው። ዛሬ ሬዲዮ የሚያመጣላቸው ብዙ ሰው የለም፤ እሳቸው ግን አሁንም በየጠዋቱ ጋዋናቸውን ለብሰው ሱቃቸውን ይከፍታሉ። ወረቀቴን በመነጽራቸው ሥር ረዘም ላለ ጊዜ አዩት።

«ጥሩ አድርገሽ ነው የነደፍሽው፣ ቲቸር» አሉኝ። ደስታዬን አትጠይቁኝ።

ቤት ገብቼ ንድፉን ደግሜ ሳየው ላብ አጠመቀኝ። የባትሪውን መግቢያ ከጀርባ በኩል እያየሁ ስለሳልኩት ፖዘቲቭና ኔጌቲቭ ቦታ ተለዋውጠዋል። ልደውልላቸው? ይሄኔ በይደው ጨርሰዋል፤ ያንን የመሰለ ሥራ «ያፍርሱት» የሚል አንደበት ከየት ላምጣ? በማግስቱ ቦርዱን ተቀበልኩ፣ አመሰገንኩ፣ ከዚያም በጓዳ የባትሪውን ገመድ ሁለት ሽቦዎች አቀያየርኩ። ቦርዱ ሳይነካ ስህተቱ ታረመ፤ እሳቸውም አልደከሙ፣ እኔም አላፈርኩ።

ሐሙስ ዕለት ተማሪዎቼ ከበውኝ የመጀመሪያውን ሴንሰር ሰካሁ። መብራቷ አልበራችም። «ይኸው፣ በሽተኛው ተገኘ!» አልኩ፤ አጨበጨቡ። ሁለተኛውን ሰካሁ። እሱም አልበራም፤ ይልቁንም የተቃጠለ ፕላስቲክ ሽታ ክፍሉን ሞላው። ሁለቱንም ነካ ሳደርጋቸው እጅ ይፈጃሉ። በሽተኛ እየፈለግሁ አልነበረም ለካ፣ እየገደልኩ ነበር። ሦስት ቀሩን።

ወደ ፒያሳ ከነፍኩ። ጋሽ ላሚሶ ገመዱን አገላብጠው አዩት፤ ቀጥሎ እኔን አዩኝ።

«ይቺን ገመድ ማን አዞራት?»

«እኔ ነኝ፣ ጋሼ። ንድፌ ተሳስቶ ነበር። እርስዎን ላለማስቸገር ብዬ ነው…»

መነጽራቸውን አውልቀው በጋዋናቸው ይጠርጉ ጀመር። «እኔም አይቼው ነበር» አሉ በመጨረሻ። «የተማረችን ልጅ ተሳስተሻል ማለት ከበደኝ። ስበይድ አቃናሁት።»

እሳቸው ለእኔ ተሳቅቀው አቃኑት፤ እኔ ለእሳቸው ተሳቅቄ አቃናሁት፤ ሁለቴ የተቃናው ተመልሶ ጠመመ። እንባችን እስኪመጣ ሳቅን። በዚያች ደቂቃ እኚህን ሰውዬ እንደ አባቴ ወደድኳቸው። ቦርዱን አንዴ እንዲፈትሹልኝ እሳቸው ዘንድ ትቼ፣ ገመዱን ይዤ ወጣሁ። ቤት ስደርስ ሽቦዎቹን ወደ ነበሩበት መለስኩ፤ ዓርብ ቦርዱን ወሰድኩ።

ቅዳሜ ወላጆች አግዳሚው ላይ ተደርድረዋል፤ ጋሽ ላሚሶም ከረባት አስረው ከፊት ተቀምጠዋል። ሦስተኛውን ሴንሰር ልሰካ ስል እጄ ቆመ። በሕዝብ ፊት አዛውንት መጠየቅ ጭንቅ ነው፤ የተማሪዎቼን ዐይን ሳይ ግን ጨከንኩ።

«ጋሼ፣ ቦርዱ ላይ የነኩት ነገር አለ?»

ከረባታቸውን አስተካከሉ። «ትንሽ» አሉ። «ሥራሽ አንቺ እንደነደፍሽው ይሁን ብዬ ወደ ስዕልሽ መለስኩት።»

እኔም ገመዴን መልሼዋለሁ፤ ፖዘቲቭና ኔጌቲቭ እንደገና ተገለባብጠዋል! አንዱን ሴንሰር ብሰካው ኖሮ አልቆለት ነበር። እዚያው ሁሉም እያዩ ሽቦዎቹን አዞርኩና ሰካሁ። ሦስተኛው በራ። አራተኛው እምቢ አለ፤ ይሄ የእውነት በሽተኛ ነው። አምስተኛው በራ። ሁለት ጤነኛ ዐይን! ሁለቱን ስንገጥምለት ጉማሬ ተንደርድሮ ግድግዳው ጋ ሲደርስ ቆመ፣ ዞረ፣ እየተንገዳገደ ወደ ተማሪዎቹ ተመለሰ። ልጆቹ ሲጮኹ ጋሽ ላሚሶ መነጽራቸውን እንደገና ጠረጉ።

ወደ ቤት በአንድ ባጃጅ ተሳፈርን፤ እሳቸውም የታቦር ሰው ናቸው። በመንገዳችን ላይ ከእንግዲህ የሚያሳስበንን ሁሉ በግልጽ እንድንነጋገር ተማምለን ነበር። ባጃጁ የጋሽ ላሚሶን ደጅ አልፎ ሽቅብ ወጣ። እኔ አየሁ፤ እሳቸውም አዩ። ሹፌሩ ደስ የሚል ትሑት ልጅ ነበር።

ዳገቱ አናት ላይ ወርደን፣ ቁልቁለቱን እየተጫወትን በእግራችን ሸኘኋቸው።