እንጉዳይ ያልደረሰው ጠርሙስ

እኩል ማካፈልን ማን ይቃወማል? እናንተም አንዲት ብርቱካን ስትከፈል የእናታችሁን ቢላዋ በዓይናችሁ ተከትላችሁ ያደጋችሁ ናችሁ። የእኔ እናት ባምቢስ ሱፐርማርኬት ጀርባ ባለችው ቤታችን ያን ሁሉ ልጅ ስታሳድግ "ለእሱ አበዛሽ" ተብላ አታውቅም። ከምታዳላ ጦሟን ብታድር ትመርጣለች።

ታናሽ እህቴ መዓዛ የመመረቂያ ጥናቷን የምትሠራው በምንበላው እንጉዳይ ላይ ነው። የእንጉዳዩ ጭማቂ ባክቴሪያና ፈንገስ ይገድል እንደሆነ ትፈትናለች። ጀርም በተዘራበት ሳህን ላይ ጠብ ታደርገዋለች፤ ዙሪያው ከጠራ ጀርሙ ሞቷል ማለት ነው። ለማነጻጸሪያ ደግሞ እንጉዳይ የሌለበት፣ ጭማቂው የሚሟሟበት ፈሳሽ ብቻ ያለበት አንድ ጠርሙስ አላት። ኮንትሮል ትለዋለች። እሱ ምንም መግደል የለበትም።

አንድ ቅዳሜ የላብራቶሪው ፍሪጅ ተበላሸና ጥቋቁር ጠርሙሶቿን ቤት አምጥታ ፍሪጃችን ውስጥ ከጎመኑ አጠገብ ደረደረቻቸው። ቤተሰቡን እንዳያምታታው ብላ በየጠርሙሱ ላይ በአማርኛ ጻፈችበት።

ሰኞ ጠርሙሶቹን ወደ ላብራቶሪው መልሳ ወሰደች፤ በሳምንቱ አጋማሽ ዓይኗ አብጦ ገባች። ኮንትሮሉ እንደሌሎቹ ባክቴሪያውን ፈጅቶት ተገኝቷል! አማካሪዋም "እንዲህ ከሆነ ገዳዩ እንጉዳዩ ነው ማለት አትችይም፤ ካልተስተካከለ ዘንድሮ መመረቅ የለም" ብሏታል።

"የቱ ነው እሱ?" አለች እናቴ። "ያ 'እንጉዳይ የሌለው' ብለሽ የጻፍሽበት?"

"አዎ እማዬ።"

"አሳዘነኝ እኮ! ሌሎቹ ሁሉ ደርሷቸው እሱ ብቻ ምን አደረገ? ከእያንዳንዳቸው ጠብ ጠብ አድርጌ ሰጠሁት።"

መዓዛ እያለቀሰች ሳቀች፣ እየሳቀች እናቴን አቀፈቻት። ጥፋቱ የእንጉዳዩ አልነበረማ!

ከተረፋት ደረቅ እንጉዳይ አዲስ ጭማቂ አውጥታ ሙከራውን ደገመችው። ባክቴሪያው ሸሸ፣ አዲሱ ኮንትሮልም እንደ ወጉ አርፎ ተቀመጠ። ፈንገሱ ግን ንቅንቅ አላለም። ምን ይደረግ፣ እንጉዳይ ራሱ ፈንገስ አይደል? በዘመዱ ላይ መጨከን አቅቶት ይሆናል። አማካሪዋ ግን ይህም ውጤት ነው ብሎ ፈረመላት።

ለደስታችን እናቴ የእንጉዳይ ጥብስ ሠራች። ለሁሉም በየሳህኑ እኩል እኩል አወጣችና የእኔ ላይ ስትደርስ ሽሮ ጨለፈችልኝ።

"እማዬ፣ የእኔስ እንጉዳይ?"

"አንተ ኮንትሮል ነህ" አለችኝ ረጋ ብላ። "ሁላችሁም በልታችሁ ሆዳችሁን ቢቆርጣችሁ፣ ከእንጉዳዩ መሆኑን በምን እናውቃለን?"

እናቴ ስታዳላ ያየሁት ያን ቀን ብቻ ነው። እኔም ለሳይንስ ስል ሽሮዬን በላሁ።