ለጋሼ ማቴዎስ ክብ የሚባል ነገር ጥቂት ነው

አራሚ የሌለበት ሰፈር የለም። ለቅሶ ቤት ተቀምጦ አልቃሿን «ሰኞ አይደለም የሞተው፣ ማክሰኞ ነው» የሚል ሰው፣ እግዜር ለየሰፈሩ አንድ አንድ መድቧል። ለአማን ከተማ ገበያ የደረሰው ግን ከሁሉ የባሰው ነው፤ ቅርጽ የሚያርም። ክቡር የቅርጽ ጠቅላይ ዳኛ፣ አናጢ ማቴዎስ!

የዳኛውን በትር ከማንም በላይ የቀመሰችው ሹክሪያ ናት። ፍራፍሬ የምትሸጥበት መደብ ከአናጢው ሱቅ ፊት ለፊት ነው፤ የሚለያያቸው ባጃጅ የሚያልፍበት መንገድ ብቻ ነው። አውቶቡስ ሊያመልጠው የደረሰ መንገደኛ እየሮጠ መጥቶ «እነዚያን ክብ ክብ አቮካዶዎች ቶሎ አንሺልኝ» ሲል፣ ከማዶ የመጋዙ ድምፅ ቀጥ ይላል። ማቴዎስ እርሳሱን ጆሮው ላይ ሰክቶ፣ ሰጋቱራውን ከሸሚዙ እያራገፈ ይሻገራል።

«ይቅርታ ወንድሜ። አንገት ያለው ነገር ክብ አይባልም። ሳንቲም ክብ ነው። ብርቱካን ድቡልቡል ነው። እንቁላል ሞላላ ነው። ይሄ ደግሞ የቅል ቅርጽ ነው። ተግባባን?»

መንገደኛው ሳይግባባ የአውቶቡሱ ጥሩንባ ይጮሃል፤ አቮካዶውን ጥሎ ይሮጣል።

«ያ ረቢ! ጋሼ ማቴዎስ፣ ገበያዬን በሉት እኮ!»

«ገበያ ነገም አለ። የተሳሳተ ቃል ግን አንዴ ከለመደብሽ አይለቅሽም» ብሏት ይመለሳል።

በሽታው የጀመረው በአንድ አልጋ ነው ይባላል። ከቱም ከተማ አንድ ሰው ደውሎ ለልጁ ሠርግ አልጋ አዘዘ፤ «ራስጌው ክብ ይሁን» አለ። ሰውየው የፈለገው ከላይ ጎበጥ ያለ፣ ቅስት የሚመስል ነበር። ማቴዎስ ግን የታዘዘውን ሠራ፤ ዙሪያውን የገጠመ፣ ልክ እንደ ጋሪ እግር የሆነ ራስጌ። የሙሽራው እናት አይታ «ልጄን ጋሪ ላይ ልታስተኛው ነው?» ብላ አገር ይያዝልኝ አለች። ከዚያ ወዲህ ማቴዎስ አፉ ላይ የማይጠፋ አንድ አባባል አለው፤ «መጀመሪያ ቃሉን ለካ፣ ከዚያ እንጨቱን።»

መንገድ ጠማማ ነው ብትለው «ጠማማስ ሰው ነው፤ መንገድ ጠመዝማዛ ነው» ይልሃል። ዕድር ላይ ሊቀመንበሩ «ክብ ሠርታችሁ ተቀመጡ» ቢሉ ብድግ አለ፤ «ይህ ክብ አይደለም፤ በበሩ በኩል ክፍት ነው፤ የፈረስ ጫማ ነው!» አርባ ሰው ወንበሩን ተሸክሞ ሩብ ሰዓት ሲዞር ቆየ። ሹክሪያ ያን ዕለት ከሳቋ ብዛት ነጠላዋን አፏ ውስጥ ጎስጉሳ ነበር።

በቀልድ የማይነካ አንድ ቅርጽ ግን ነበር። እናቱ እማማ እማዋይሽ ሰማንያን አልፈዋል፤ ቀን ቀን በሱቁ በር አጭር የእንጨት ዱካ ላይ ይቀመጣሉ፤ ሲነሡ ፊታቸው ከመሬት ብዙም አይርቅም። አንድ ጊዜ አንድ ተሸካሚ «ያቺን ጎባጣ አሮጊት ከመንገድ ዞር አድርጉልኝ» ቢል ማቴዎስ መዶሻውን እንደያዘ ወጣ።

«እናቴ ጎባጣ አይደለችም! ደጋን ናት! ደጋን ይለመጣል እንጂ አይጎብጥም፣ ሰማህ?»

ከዚያ ቀን ጀምሮ በዚያ መንገድ ላይ ያንን ቃል የደፈረ የለም።

እማማ እማዋይሽ ታዲያ ዘንድሮ መርሳት ጀመሩ። አንድ የገበያ ቀን ማቴዎስ የሰው በር ሊለካ ወደ ሚዛን ከተማ ሲሄድ «ሹክሪያ፣ ዓይንሽን ጣል አድርጊባት» አላት። ጣል አደረገች። ከዚያ ዝናብ መጣ፣ ሰው አናናሱን ተሻማ፣ ሸራ መወጠር ነበረባት። ቀና ስትል ዱካው ባዶ ነው።

መደቡን ለጎረቤት ጥላ ወጣች። መስጊዱ ጋ የሉም። ቸርች ግቢ የሉም። ወንዙ ሞልቶ ያጓራል፤ ወደዚያ ማየት ፈራች። ማቴዎስ ሲመለስ ፊቱ አመድ መሰለ። ያ ደግሞ ከስድብ ባሰባት።

ሁለቱም ተያይዘው መናኸሪያ ደረሱ። ባጃጅ ነጂዎቹ ከበቧቸው፣ አንዱ ድምፅ ማጉያ አመጣ። ባምላኩ የሚባለው ነጂ «ምን ይመስላሉ?» አለ።

«ፊቷ ሞላላ ነው» አለ ማቴዎስ። «አገጯ ሾል ያለ። የምርኩዟ እጀታ ቆልመም ያለ። ጀርባዋ... ጀርባዋ ደጋን ነው።»

ነጂዎቹ ተያዩ። «ደጋን ምንድን ነው?» አለ ባምላኩ። «አባቴ፣ በገበያ ቀን ፊቱ ሞላላ የሆነ ስንት አሮጊት አለ! በግልጹ ይንገሩን እንጂ፣ እየመሸ ነው።»

ቃሉን ሹክሪያ ታውቀዋለች። አንድ ቃል ነው፤ ሕፃን እንኳ ይገባዋል። ድምፅ ማጉያውን ተቀብላ አፏ ላይ አደረገችው፣ ማቴዎስን አየችው፣ ማጉያውን መልሳ ዝቅ አደረገችው። «ጋሼ...» አለች።

ገባው። ከእጇ ወሰደው።

«ጎባጣ ናት» አለ። ድምፁ በመናኸሪያው ሁሉ ተሰማ። «እናቴ ጎባጣ ናት። በጣም ጎባጣ ናት። ያያችኋት እባካችሁ!»

«እንዴ!» አለ ባምላኩ። «ጎባጣዋን እናት? ወደ ሸዋ ቤንች በሚወስደው መውጫ ነው ያየኋቸው! የሰው በረንዳ ላይ ተጠልለዋል!»

እማማ እማዋይሽ እዚያው በረንዳ ላይ፣ ደረቅ እንደሆኑ፣ የሰው ሙዝ እየበሉ ተገኙ። ልጃቸውን ሲያዩ «ምነው እንዲህ ቆየህ?» ብለው ተቆጡት። ማቴዎስ ጉልበታቸው ላይ ተደፍቶ አለቀሰ፤ ሹክሪያም አለቀሰች፤ ባምላኩ ዝናብ ነው ብሎ ፊቱን ጠረገ።

ከዚያ ወዲያ ዳኛው ችሎት ዘጋ። በማግሥቱ አንዷ ፓፓያውን ክብ አለችው፤ መጋዙ አልቆመም። ሌላው አናናሱን ድቡልቡል አለው፤ መጋዙ አልቆመም። ሹክሪያ አራት ቀን ሙሉ ያለ ጠበቃና ያለ ዳኛ ሸጠች። ደስ ሊላት ሲገባ ነገር ዓለሙ አስጠላት። ተቀምጣ ትነሣለች፣ የደረደረችውን ታፈርሳለች፣ ደንበኛ ትቆጣለች። ሞኝ መሆኗን እያወቀች ወደ ማዶ ታማትራለች። ወላሂ፣ ሰውየው ናፍቋታል።

በአምስተኛው ቀን ጠዋት የሙዙን ዘለላ ከፍ አድርጋ ያዘችና ጮኸች።

«ክብ ሙዝ! ኑ ክብ ሙዝ!»

መጋዙ ይፈጫል።

«ድቡልቡል ሙዝ! ድቡልቡል የሆነ ሙዝ አለ!»

መጋዙ ትንሽ ተንገራገጨ፣ ቀጠለ። ሹክሪያ ትንፋሿን ሰበሰበች።

«አራት ማዕዘን ሙዝ!»

መጋዙ ቆመ። ማቴዎስ በሩ ላይ ብቅ አለ፤ እርሳሱን ጆሮው ላይ ሰካ፣ ሸሚዙን አራገፈ፣ ባጃጅ አሳለፈና ተሻገረ።

«አንቺ ሹክሪያ፣ አብደሻል?»

ዓይኗን እንዳያይባት ቅርጫቱ ላይ አጎነበሰች። «አልሐምዱሊላህ» አለች በሹክሹክታ። ከዚያ ድምፅዋን አስተካክላ፣ «ታዲያ ምን ልበለው ጋሼ? ይንገሩኝ እንጂ!» አለችው።